በልጅ አገር እንግዳ የሆኑ ወላጆች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 6 ቀን በሚዘልቀው ዘመነ ጽጌ ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የእመቤታችንን ስደት ታስባለች። በጌይተርስበርግና በአካባቢው የምንኖር ምእመናን ይህን ወቅት የምንቀበለው አገር ቤት ካለው ወገናችን በተለየ ስሜት ነው፤ ማኅሌቱ ስለ እኛም ጭምር የሚቆም ይመስለናልና። ስለ ሕፃኑ ጌታና ስለ ቅድስት እናቱ ስደት ብዙ ይሰበካል። ከእነርሱ ጋር በረሃውን ስላቋረጠው ስለ አረጋዊው ዮሴፍ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ዮሴፍ በዕድሜ የገፋ ሽማግሌ እንደ ነበረ ያስተምረናል። በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ከደጃፉ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል እንጂ የሰው አገር ለማየት ጓዙን አይሸክምም። ዮሴፍ ግን ቋንቋቸውን በማያውቃቸው ሰዎች መካከል ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ተቀመጠ፤ ለመሄድም ለመመለስም የመልአኩን ቃል ጠበቀ።

በዚህ እትም የምንነጋገረው በእርጅና ዘመናቸው ስለ ተሰደዱ፣ ወይም ልጅ ለመጠየቅ መጥተው ሳይታወቃቸው ስደተኛ ስለ ሆኑ ወላጆቻችን ነው።

ከመካከላችን ወላጆቹን ያላመጣ፣ ወይም ለማምጣት ያልደከመ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ልጅ ሲወለድ፣ ክርስትና ሲነሣ፣ ሠርግ ሲደገስ እናት ወይም አባት በደልስ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ይደርሳሉ። ሻንጣው ሲከፈት የበርበሬው፣ የሽሮውና የኮሰረቱ ሽታ ቤቱን ያውደዋል፤ ሳምንቱን ሙሉ ደስታ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደየሥራው ይሄዳል፤ እናትም ሕፃኑን ታቅፈው በሦስተኛው ፎቅ ይቀራሉ። አምስተኛው ወር ሲጋመስ በቤቱ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ የሚነሣውም ብዙውን ጊዜ እናት ከተኙ በኋላ፣ በባልና ሚስት መካከል፣ በዝቅተኛ ድምፅ ነው። «የእማዬን ወረቀት እናራዝመው ወይስ ትመለስ?»

ጥያቄው የወረቀት ይመስላል፤ ስለዚህ አስቀድመን የወረቀቱን ነገር እንናገር። በዓለም ላይ ለጡረተኞች ተብሎ የተለየ ቪዛ የሚሰጡ አገሮች አሉ። ታይላንድ ለምሳሌ ዕድሜው 50 ዓመት የሞላው የውጭ አገር ሰው 800,000 ባህት በባንክ ማስቀመጡን ካሳየ ለጡረታ ኑሮው የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ትሰጠዋለች፤ በየዓመቱም ይታደስለታል። አሜሪካ እንዲህ ያለ የጡረታ ቪዛ የላትም። እዚህ ሽማግሌ ወላጅ ከልጁ ጋር ለመኖር ያለው በር ሁለት ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱ የጎብኚ ቪዛ፣ ሁለተኛው ልጁ የሚያቀርብለት የቋሚ ነዋሪነት ማመልከቻ።

በጎብኚ ቪዛ የመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የስድስት ወር መቆያ ይሰጠዋል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው ቪዛ የሚያበቃበት ቀንና በአሜሪካ ምድር እንዲቆዩ የተፈቀደላቸው ቀን አንድ አይደሉም። ቪዛው እስከ በሩ የሚያደርስ ነው፤ የመቆያውን ቀን የሚወስነው በአውሮፕላን ማረፊያው ያለው ሹም ነው። ቀድሞ ይህ ቀን አይ 94 በሚባለው ነጭ ካርድ ላይ ተጽፎ በፓስፖርቱ ውስጥ ይያያዝ ነበር፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአውሮፕላን ለሚመጡ መዝገቡ በኮምፒውተር ብቻ ስለ ሆነ እናቶች ቀናቸውን በእጃቸው ይዘው አያዩትም። የሚያይላቸው ልጅ ነው፤ ልጅም ይረሳል። ማራዘም የፈለገ አይ 539 የተባለውን ቅጽ ቀኑ ሳያልፍ መላክ አለበት፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ቢያንስ 45 ቀን ቀደም ብሎ መላክን ይመክራል። በቅጹ ላይም ለምን መቆየት እንደሚፈልጉ፣ በምን እንደሚተዳደሩ፣ መቼም እንደሚመለሱ መግለጽ ግዴታ ነው። በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚያገለግልና የሦስት ወር እንዲሆን ተወሰነ፤ ከዚያ ወዲህ «ዛሬ ሂጂ፣ ለፋሲካ ትመለሻለሽ» ማለት እንደ ቀድሞው ቀላል አልሆነም። ስለዚህ በየቤቱ ማራዘም የሚለው ሐሳብ አይሏል፤ ከወረቀቱ በስተ ጀርባ ያለውን ሰው መጠየቅም ያን ያህል ተዘንግቷል።

አሁን ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንመለስ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 19 ቤርዜሊ ስለሚባል የገለዓድ ሰው ተጽፏል። ዕድሜው 80 ነበረ። ንጉሥ ዳዊት ከገዛ ልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ መሃናይም በደረሰ ጊዜ፣ ተርቦና ደክሞ ሳለ፣ መኝታና ዕቃ፣ ስንዴና ገብስ፣ ማርና ቅቤ፣ በጎችም ይዘው ከተቀበሉት ሰዎች አንዱ ይህ ሽማግሌ ነው። ንጉሡም ድል አድርጎ ወደ መንግሥቱ ሲመለስ ውለታውን አልረሳም፤ ከእኔ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም እንሂድ፣ በዚያም እጦርሃለሁ አለው። ከዚህ የሚበልጥ ግብዣ የት ይገኛል? የንጉሥ ከተማ፣ የንጉሥ ማዕድ። ቤርዜሊ ግን የሰጠው መልስ በትሕትና የተሞላ እምቢታ ነበረ። የቀረኝ ዕድሜ ስንት ነው? አለ። ምላሴ የምግቡን ጣዕም አይለይም፣ ጆሮዬ የዘፋኞቹን ድምፅ አይሰማም፣ ለጌታዬ ሸክም ከምሆን በአገሬ፣ አባቴና እናቴ በተቀበሩበት አጠገብ ልሙት ብሎ ለመነ። በእርሱ ፈንታ ከመዓም እንዲሄድ ሰጠ። ራሱ ግን ዮርዳኖስን እስኪሻገር ድረስ ንጉሡን ሸኘው።

ዳዊት ምን አደረገ? አልተቆጣም። ውለታዬን ናቀ ብሎም አላኮረፈም። ሽማግሌውን ስሞ፣ መርቆ ወደ አገሩ ሰደደው፤ ከመዓምንም ይዞት ሄደ። ሊሞት በተቃረበ ጊዜም ልጁን ሰሎሞንን የቤርዜሊን ልጆች ከማዕድህ አትለያቸው ብሎ አደራ አለው። ወላጅን መጦር ማለት ሁልጊዜ አጠገብ ማስቀመጥ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ዳዊት ቤርዜሊን የጦረው በመልቀቅም ነው።

ቤርዜሊን የሚያነብብ ሰው ያዕቆብን ደግሞ አይርሳ፤ እርሱ የወሰነው ከቤርዜሊ የተለየ ነውና። ያዕቆብ ዮሴፍ በሕይወት አለ ሲሉት አላመነም ነበር፤ ልጁ የላከለትን ሠረገላ ባየ ጊዜ ነው መንፈሱ የታደሰችው። በዛሬ ቋንቋ ቲኬቱን ባየ ጊዜ ማለት ነው። ሆኖም ወዲያው አልገሠገሠም። በቤርሳቤህ ቆሞ መሥዋዕት ሠዋ፤ ፍርሃት ነበረበትና እግዚአብሔር ወደ ግብፅ መውረድን አትፍራ እስኪለው ድረስ ጠበቀ። በፈርዖን ፊት ሲቆም ዕድሜው 130 ነበረ፤ በግብፅም 17 ዓመት ኖሮ በ147 ዓመቱ አረፈ። አሥራ ሰባት ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም። ያዕቆብ በልጁ አገር የልጅ ልጆቹን አቅፎ፣ መርቆ፣ ስለ ቀብሩም ቃል አስገብቶ ሞተ።

እንግዲህ ሁለት ሽማግሎች አሉን፤ አንዱ ወደ ልጁ ሄደ፣ አንዱ በአገሩ ቀረ። ሁለቱንም መጽሐፍ አልነቀፈም። ሁለቱንም የሚያመሳስላቸው ራሳቸው መወሰናቸው ነው። ዮሴፍ አባቱን በግድ በሠረገላ አልጫነም፤ ዳዊትም ቤርዜሊን በውለታ አስሮ አልጎተተም።

ከዚህ በኋላ ወደ ጌይተርስበርግ ስንመለስ የምናየው ነገር ያሳዝናል። ስንት እናት ናቸው የመቆያቸው ቀን መራዘሙን ከተራዘመ በኋላ የሰሙ? ፓስፖርታቸው በልጃቸው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የተቆለፈ ባይሆንም የት እንዳለ አያውቁም። ፊርማቸውን አስቀምጡ ተብለው ባላነበቡት ወረቀት ላይ ፈርመዋል። «መቼ ነው የምሄደው?» ብለው ሲጠይቁ «ምን አስቸኮለሽ እማዬ፣ ምን ጎደለሽ?» የሚል መልስ ያገኛሉ። ምን እንደ ጎደላቸው ብንጠይቃቸው ይነግሩን ነበር። የወር ማኅበራቸው ጎድሏል። ጽዋውን ሳይቀምሱ ስንተኛ ወራቸው ነው? በእድሩ የሚቆም ሰው አጥተዋል። የባላቸው መቃብር ሣር ወጥቶበታል። ንስሐ አባታቸው ሩቅ ናቸው። ሜዳ ላይ ቆሞ ሰላም ያደሩ ወይ የሚላቸው ጎረቤት የለም፤ እዚህ ጎረቤት በአሳንሰር ውስጥ ፈገግ ብሎ የሚያልፍ ሰው ነው። የልጅ ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ ሲሳሳቁ በፈገግታ ብቻ ይከተሏቸዋል። ሌክፎረስት የተባለው ሰፊ የገበያ አዳራሽ በ1978 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ በ2023 እ.ኤ.አ. እስኪዘጋ ድረስ በበረዶው ወራት ከብርድ ተጠልሎ እግርን ለማፍታታት እንኳ ይሆን ነበር፤ አሁን ያ የለም። በፍሬደሪክ ጎዳና የሚያልፈውን አውቶቡስ በመስኮት ማየት ይቻላል፤ ቋንቋ ለሌለው ሰው ግን መሳፈር ሌላ ነገር ነው። እሑድ ብቻ ሰው ከተገኘላቸው ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ በጓዳው አጠገብ ተቀምጠው እርስ በርስ ሲያወጉ ፊታቸው የሚበራው ለዚህ ነው።

በግልጽ መናገር የሚገባንን እንናገር። ብዙ ጊዜ የሚራዘመው የእናትየዋ ቆይታ ሳይሆን የዴይ ኬሩ ወጪ ቁጠባ ነው። የሕፃናት ማቆያ በዚህ አካባቢ ከቤት ኪራይ ጋር የሚፎካከር እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ሁለት ሥራ የሚሠራውን አባት፣ ሌሊት በሆስፒታል የምታድረውን እናት ችግራቸውን የምንንቅ አይደለንም። አያት የልጅ ልጅ ማሳደጋቸውም ክብር ነው እንጂ ነውር አይደለም። ነውሩ የእናትን ድካም በፍቅር ስም መሰወር ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተው እስከ ማታ ልጅ የሚይዙ፣ የሚያበስሉ፣ ልብስ የሚያጥፉ የ72 ዓመት እናት፣ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ሐኪም ቤት ለመውሰድ «ኢንሹራንስ የላትም» ከተባለ፣ ይህ ቤት ወላጁን እያከበረ ነውን? ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የወቀሳቸውን ሰዎች እናስታውስ፤ ለቤተ መቅደስ የተሰጠ ነው እያሉ ለአባትና ለእናት የሚገባውን የሚያስቀሩ ነበሩ። ይህን ስንጽፍ የቤተ ክርስቲያናችንን የሕንፃ ማሠሪያ መዋጮም እያሰብን ነው። እናቱን ያላሳከመ ሰው ለሕንፃው የሰጠውን ገንዘብ በደስታ መቀበል አይቻለንም።

በዚህ አጋጣሚ ሕዝቅያስን ማንሣት ይገባል። ዕድሜው በልመናው 15 ዓመት የተራዘመለት ንጉሥ እርሱ ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ስለ ማራዘሚያ ከተነገሩት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። በተራዘመለት ዘመን ካደረገው የሚታወቀው ለባቢሎን መልእክተኞች ግምጃ ቤቱን ከፍቶ ማሳየቱ ነው። ልጁ ምናሴ ሲነግሥ የ12 ዓመት ልጅ ስለ ነበረ፣ ዓመቱን ስናሰላ የተወለደው በዚያው በተጨመረው ዘመን ውስጥ ነው። አባትየው ዕቃውን ሲያስጎበኝ ልጁ ምን ይማር ነበር? ምናሴ በኋላ ምን ዓይነት ንጉሥ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። አያት በቤት ሲኖሩ ለልጆቻችን ከሚያጥፉት ልብስ ይልቅ ሀ ሁን፣ አቡነ ዘበሰማያትን፣ የጾሙን ሥርዓት፣ የዘመድ አጠራሩን ቢያወርሷቸው ይሻላል። ለዚህ ግን አያቶች ጊዜና ወግ ያስፈልጋቸዋል፤ ልጆቹም ከስልካቸው ቀና ማለት አለባቸው፤ ቀና እንዲሉ የሚያዝዘው ደግሞ ወላጃቸው ነው።

ወደ ከባዱ ነገር እንሸጋገር። አንዳንድ ቤተሰብ ማራዘሚያው እንደማይሳካ ሲያስብ ቀኑን ዝም ብሎ ያሳልፋል። ሕጉ በዚህ ላይ ጨካኝ ነው። ከተፈቀደው ቀን በላይ የቆየ ሰው በያዘው ቪዛ ሊመለስ አይችልም፤ ይሰረዝበታልና። በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ከ180 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ ቆይቶ የወጣ ለ3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ ለ10 ዓመት ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ይታገዳል። ለሠላሳ ዓመት ጎልማሳ 10 ዓመት ቅጣት ነው፤ ለ75 ዓመት እናት ግን የዕድሜ ልክ መለያየት ነው። ውጤቱንም በዓይናችን የምናየው መርዶ በመጣ ቀን ነው። አገር ቤት የቀረው ወንድም ወይም የበኩር ልጅ ያርፋል፤ እናት ሄደው እንዳይቀብሩ ከወጡ ልጃቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ዳግመኛ ላያዩ ነው፤ ካልሄዱ ደግሞ ሬሳ ሳያዩ፣ አፈር ሳይበትኑ፣ በጌይተርስበርግ ሳሎን ውስጥ ፎቶግራፍ አቅፈው ያለቅሳሉ። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ተብለው ሲቀመጡ ምክር ብሎ የሚቀርባቸው ሰው ቃል ያጥረዋል።

ሌሎች ደግሞ ከዚህ የባሰውን ያደርጋሉ። ወረቀት እናስተካክላለን በሚሉ ሰዎች ምክር ለእናታቸው የሌለ ታሪክ ያጽፋሉ። ልጃቸውን ለመጠየቅ የመጡት እናት ባልታሰሩበት ታስረው፣ ባልተደበደቡበት ተደብድበው በጥገኝነት ማመልከቻ ላይ ይቀርባሉ፤ ቀጥሎም በሹም ፊት ቀኝ እጃቸውን አንሥተው እንዲምሉ ይደረጋል። ዕድሜ ልካቸውን በሐሰት መማልን ሲፈሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ለልጃቸው ብለው ይምላሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቅዱስ ቍርባን ለመቀበል ይፈራሉ። የዚህ ኃጢአት ባለቤት ማን ነው? የማሉት እናት ብቻ አይመስለንም። በእውነት የሚያስፈራ ነገር ያለበት ወላጅ ጥገኝነት ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ እመቤታችንም ከሄሮድስ ሰይፍ ሸሽታለችና። የማመልከቻው ጊዜ በመሠረቱ ከገቡበት ቀን አንሥቶ አንድ ዓመት መሆኑን አውቆ፣ ፈቃድ ካለው ጠበቃ ጋር ይቅረብ። ያለ እውነት የተገኘ ጥገኝነት ግን ሌላም ዋጋ አለው፤ የተፈራውን አገር መልሶ መርገጥ ጥገኝነቱን ጥያቄ ውስጥ ይከተዋል፤ እናት ከአባትና ከእናታቸው አጠገብ የመቀበር ተስፋቸውን የሚሸጡት ባልጻፉት ወረቀት ነው ማለት ነው።

ዮሴፍ አባቱን እንዴት እንዳስገባ እንመልከት። አልደበቀውም። ወንድሞቹ ለፈርዖን ሥራቸው ምን እንደ ሆነ፣ ለምን እንደ መጡ እውነቱን እንዲናገሩ አዘጋጃቸው፤ እነርሱም በጌሤም ለመቀመጥ ፈቃድ ጠየቁ፣ ተሰጣቸውም። ከዚህ የሚደንቀው ግን በዘፍጥረት ምዕራፍ 50 ያለው ነው። ያዕቆብ ባረፈ ጊዜ ዮሴፍ፣ የግብፅ ምድር ሁሉ በእጁ ሳለ፣ አባቴን በከነዓን ቀብሬ እመለሳለሁ ብሎ ፈርዖንን በሰዎች በኩል አስፈቀደ። የመውጫና የመመለሻ ፈቃድ መጠየቅ የዛሬ ስደተኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። ሹመት ያለው ዮሴፍ ካስፈቀደ እኛ ማን ነንና ነው በጓዳ በር የምንወጣና የምንገባው?

ሁለተኛውን በር የሚያውቁና ቸል ያሉም አሉ። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው የአሜሪካ ዜጋ ለአባትና ለእናቱ ሲያመለክት በዓመት የተወሰነ ኮታ አይጠብቅም፤ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ልጅ ግን ለወላጅ ማመልከት አይችልም። ለዜግነት ከበቃ አሥር፣ ሃያ ዓመት አልፎት ያላመለከተ ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱ ስንፍና ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 ዓ.ም. መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል፤ አባቶቻችን የሞቱላትን አገር ፓስፖርት መመለስ ልብን ያደማል። ይህን ሕመም ማንም አያቅልለው። ነገር ግን ለሰንደቅ ዓላማ ብሎ ፓስፖርቱን ያከበረ ሰው እናቱን በየስድስት ወሩ በቅጽ የሚያስለምን ከሆነ፣ ነገሩን በንስሐ አባቱ ፊት እንደገና ያስብበት። ሲያመለክትም አውቆ ይፈርም፤ ለወላጁ የሚፈርመው የድጋፍ ሰነድ እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም። ከ1996 እ.ኤ.አ. የደኅንነት ሕግ ወዲህ አዲስ የመጣ አረጋዊ የመንግሥት ድጎማ ወዲያው አያገኝም፤ የሜዲኬርን ዋስትና እንኳ በክፍያ ለመግዛት ቋሚ ነዋሪ ሆኖ አምስት ዓመት መቆየት አለበት። ጧሪው ልጅ ነው።

ስለ ራሳቸው ስለ ጡረተኞቻችንም ጥቂት እንበል። በሱዳን በኩል በእግራቸው ወጥተው፣ በመጋቢት 1980 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የስደተኞች ሕግ ወደዚህ የገቡት የያኔ ወጣቶች ዛሬ ሽበታቸው ነጥቷል። በ1960 እ.ኤ.አ. ለተወለዱትና ለታናናሾቻቸው ሙሉ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የሚደርሰው በ67 ዓመት ነው፤ አንዳንዶቹ ከወዲሁ ሻንጣቸውን እያዩ ነው። ስድስት ወር እዚህ፣ ስድስት ወር እዚያ የሚል ኑሮ ይመኛሉ። ዜጋ የሆኑት በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ዓ.ም. የተፈቀደውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለውን ይዘው ያለ ቪዛ ገብተው መኖር ይችላሉ፤ እርሱም በየጊዜው መታደስ አለበት። በግሪን ካርድ ያሉት ግን ይጠንቀቁ፤ ከስድስት ወር በላይ መቅረት ጥያቄ ያስነሣል፣ አንድ ዓመት መቅረት ካርዱን ያሳጣል። ረዘም ላለ ጊዜ የሚሄድ ሰው ገና እዚሁ አገር ሳለ የሁለት ዓመት የመመለሻ ፈቃድ ይጠይቅ። ሜዲኬር በመሠረቱ ከአሜሪካ ውጭ የሕክምና ወጪ አይከፍልም፤ ኤስ ኤስ አይ የሚቀበሉ ደግሞ 30 ተከታታይ ቀን ከአገር ከወጡ ክፍያው ይቋረጣል። ዕድሜያቸው 50 ሞልቶ 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሞልቶ 15 ዓመት በቋሚ ነዋሪነት የኖሩ አረጋውያን የዜግነቱን ፈተና ከእንግሊዝኛው ነፃ ሆነው በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ መፈተን እንደሚችሉ ብዙዎች አያውቁም፤ ልጆቻቸው ይንገሯቸው።

ልመለስ ያለ ሁሉ የሚመለስበት አለውን የሚለው ጥያቄ ግን ከሁሉ ይከብዳል። ቤርዜሊ የአባቱ መቃብር የት እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ቤቱም ቆሞ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ፒያሳን የመሳሰሉ ሰፈሮች ሲፈርሱ እናቶቻችን ጎረቤቶቻቸውን በአንድ ወር ውስጥ በየአቅጣጫው ተበትነው አጡ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ወደ ጎጃም፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ወሎ ቀዬአቸው መሄድ ያልሆነላቸው አሉ። ለእነዚህ «አገርሽ ግቢ» ማለት ምክር አይሆንም። ልጅም ፈቃደኛ፣ እናትም ፈቃደኛ፣ ወረቀቱም ተሳክቶ ሳለ መንገዱ ተዘግቶ የሚቆዩ አሉ። እንዲህ ያሉትን እናት በቤታችን እንደ እንግዳ ማቆየት አይበቃም፤ እዚህ ቀዬ እንዲኖራቸው ማድረግ የእኛ የምእመናን ፋንታ ነው።

ስለዚህ እስከ ቁስቋም በዓል እስከ ኅዳር 6 ቀን ድረስ ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። ወላጅ በቤታችሁ ያላችሁ፣ ፓስፖርታቸውን ከመሳቢያው አውጥታችሁ በእጃቸው ስጧቸው፤ የመቆያቸውንም ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በትልቁ ጽፋችሁ ከአልጋቸው አጠገብ ስቀሉላቸው። ከዚያም ልጆቹ በተኙበት፣ ቡናው በተፈላበት ሰዓት ጠይቋቸው፤ «እማዬ፣ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» በሉ። የመጀመሪያ መልሳቸውን አትቀበሉ፤ እናት መጀመሪያ የምትመልሰው ልጇን የሚያስደስተውን ነው። ዝም ብላችሁ ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ ጠብቁ።

በመኪናችሁ ትርፍ ቦታ ያላችሁ ደግሞ እሑድ ማለዳ ከፍሬደሪክ ጎዳና ግራና ቀኝ ካሉት ፎቆችና ከሻዲ ግሮቭ ባቡር ጣቢያ አካባቢ አረጋውያንን ለማምጣት ስማችሁን ለሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ አስመዝግቡ። ቅዳሴው ከመግባቱ በፊት እንዲደርሱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል በራቸው ላይ መገኘት ያስፈልጋል። ደረጃ መውረድ የሚከብዳቸው ስላሉ አንድ ጎረምሳ አብራችሁ ያዙ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።